ሪባን የቆረጥኩለት ውሃ

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲጀምር በሌሊት ወጣሁ፣ ውሻ ሲጮኽ ልቤ ቀጥ አለ ይላል። እኛ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጠው ደላላው ነበር። "በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ቦኖው ጋ ተሰልፏል፣ ማንም አያያችሁም" አለን፤ ልክ ነበር። በመቂና በዝዋይ መካከል ያለችው ትንሿ ከተማችን ውሃ የሚለቀቅላት እኩለ ቀን ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ እኛ በጓሮ በር ወጥተን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። የሚገርመው፣ ያንን ቦኖ ያስተከልኩት እኔ ነኝ። የከተማው ውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ፣ የፓምፑም ኦፕሬተር ነበርኩ። ያመጣሁት ውሃ ከለላ ሆነልኝ ብዬ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ለምን እንደወጣን አላበዛባችሁም። ሁለት ጊዜ ታሰርኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለምን እንደሆነ ሳይነገረኝ ተፈታሁ። ሦስተኛው እንደማይቀር ስንረዳ ባለቤቴ ወይንሸት "የአክስቴ ልጅ ካምፓላ ምግብ ቤት አላት፣ እንሂድ" አለች። ጊዜው የካቲት 2012 ነበር። ሁለት ሴት ልጆች አሉን፤ ሜሮን ያኔ አሥር ዓመቷ፣ ናርዶስ አራት። ናርዶስ በዚያ ሳምንት ትኩሳት ይዟት ስለነበር ደላላው "የታመመ ሕፃን በሞያሌ አላሳልፍም፣ ካለቀሰች ሁላችንንም ታስበላናለች" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ታላቅ እህቴ አስካለ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ "እኔ ጋ ትሁን። በሦስት ወር መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ" አለችን። እትዬ የራሷ ልጅ የላትም። ለመጨረሻ ጊዜ ስናያቸው ናርዶስ እትዬ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እትዬ በጣሳ ውሃ እያጠጣቻት። ከቦኖው የተቀዳ፣ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ።

መንገዱን እዘለዋለሁ። ሞያሌን፣ ናይሮቢን፣ ቡሲያን ያላወራ ስደተኛ የለም፤ የእኛም እንደነሱ ነው፣ ያው አቧራው፣ ያው ልመናው። ካምፓላ ስንደርስ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ሰው ይስቃል። ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ሹፌር ይስቃል፣ ቻፓቲና እንቁላል ጠቅልሎ ሮሌክስ የሚሸጠው ይስቃል፣ ፖሊሱ ጉቦ ሲቀበል ይስቃል፤ ጥርሳቸው ደግሞ ነጭ ነው፣ ትልቅና ነጭ። ሜሮን በታክሲው መስኮት አፏን ገጥማ ታያቸው ነበር።

ስለ ጥርስ ማውራት የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ከተማችን የምትጠጣው የወንዝ ውሃ ነበር፣ ከከብት ጋር እኩል። በዚያ ውሃ ሁለት ታናናሾቼ በተቅማጥ አለቁ፤ አንዱ በሰኞ፣ አንዷ በሐሙስ። እናታችን አልጋ ይዛ ስለነበር አጥባ የገነዘቻቸው እትዬ ናት፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አድጌ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ስሆን በልቤ የነበረው ያ ሳምንት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ፣ በመጨረሻ መቆፈሪያው መጣ። ከመሬት ሆድ የወጣው ውሃ ለብ ያለ፣ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ሪባኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። "ከእንግዲህ ልጆቻችን ከከብት ጋር አይጠጡም" ብዬ ንግግር አደረግኩ፤ ሰው አጨበጨበ፣ እትዬ አለቀሰች። በዓመቱ ሜሮን ተወለደች። ከዚያ ወዲህ በተቅማጥ የሞተ ልጅ አላየንም።

ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ግን የወተት ጥርሳቸውን ጥለው አዲሱን ሲያወጡ ቡናማ ሆነ። አንዱ ነጠብጣብ፣ አንዱ ሻይ ውስጥ የተነከረ የሚመስል፣ አንዱ ጫፉ የሚሸራረፍ። አንዳንዱ ከረሜላ ነው አለ፣ አንዳንዱ የልጅነት ትኩሳት ነው አለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማንም አልደነገጠም። አንድ ጊዜ ከውሃ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ በጠርሙስ ናሙና ወስዶ "ውጤቱን እንልክላችኋለን" ብሎ ነበር። አልላኩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለስድስት ዓመት ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው አንዲት መስመር ጽፌ ውጤቱ የት ደረሰ አላልኩም።

ካምፓላ ስደተኛ የሚመዘገብበት ቢሮ ስንቀርብ መዝጋቢው የእኔን ፊት ትቶ የሜሮንን አፍ ያይ ጀመር።

"ልጅቷ ማይሩንጊ ትቅማለች?" አለኝ። ማይሩንጊ የሚሉት ጫትን ነው።

"ጌታዬ፣ አሥር ዓመቷ ነው።"

"ዕድሜዋን አልጠየቅኩህም።"

"አትቅምም።"

"ትንባሆስ?"

"አታጨስም። ከረሜላ ትወድ ነበር።"

"የእኔም ልጆች ከረሜላ ይወዳሉ" አለና እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ፤ የራሱን ጥርስ አሳየን። "በኢትዮጵያ ከረሜላ የሚሠራው ከምንድን ነው?"

አጠገቡ ያለውም መዝጋቢ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ በእጁ ነው። ኋላ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያነብ ጓደኛዬ ፎርሙን ሲያይልኝ "በቤተሰቡ ዘንድ የጫት ልማድ ሳይኖር አይቀርም" የሚል ተጽፎበት አገኘ። እንግዲህ በዑጋንዳ መንግሥት ዘንድ የአሥር ዓመት ልጄ ቃሚ ናት። እኔ ሳቅኩ እንጂ ሜሮን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታወራ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች።

የተከራየነው ካንሳንጋ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው፤ አከራያችን ማማ ናካቶ በግቢው ሙሉ ድምፅ የምታወራ ሴት ናት። ወይንሸት ገና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ውሃ ስታፈላ አይታ በሩ ላይ ቆመች።

"ሴቦ፣" አለችኝ፣ ጌታው እንደማለት ነው፣ "ሚስትህ ውሃውን ታፈላዋለች፣ ከዚያ ታቀዘቅዘዋለች፣ ከዚያ ለሻይ ደግማ ታፈላዋለች። ውሃው ምን በደላችሁ?"

"ለልጅቷ ጤና ነው ማማ።"

"ለጤናዋ ማቶኬ አብሏት። እናንተ ኮምጣጣ ነገር ስለምትበሉ ነው ጥርሷ እንዲህ የሆነው።" ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ ነው።

የጥርስን ነገር የማያነሳ ሰው አልነበረም። ማማ ናካቶ ክፉ አይደለችም፤ ከሰል ፈጭታ በስኒ አምጥታ "በዚህ እሹት" አለች። ወይንሸትም ጠዋት በከሰል፣ ማታ በሎሚ ትፈትጋት ጀመረች። ልጅቷ ድዷ እየደማ ዝም ብላ ትቆማለች። አንድ ቀን በአፏ ደም ይዛ "አባዬ፣ ያንተ ለምን ነጭ ሆነ?" አለችኝ። እኔ የወንዝ ልጅ ነኝ ልበላት? ያኔ እኔም አላውቅም ነበር።

እኔ ኪሰንዪ ገበያ ውስጥ የውሃ ፓምፕና ቱቦ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ተቀጠርኩ፣ ወይንሸት የአክስቷ ልጅ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። እንጀራው አይጎድለንም፣ ማቶኬውም ከለመዱት ይበላል፣ የበቆሎው ፖሾም ገንፎ ነው ብለህ ዓይንህን ከጨፈንክ ይወርዳል። ያልለመድኩት ውሃውን ነው። የካምፓላ ውሃ ጣዕም የለውም። ሻይ ስጠጣ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኛል፤ የኛ ውሃ ምላስ ላይ የሚቀር ለስላሳ ነገር ነበረው። "አገሬ ናፈቀኝ" ስል ሰው ክትፎ የናፈቀኝ ይመስለዋል፤ የናፈቀኝ ከዚያ ቦኖ የተቀዳ አንድ ጣሳ ውሃ ነበር። እንዲህም የሚናፈቅ ነገር አለ፣ ጉድ ነው።

በመጣን በወሩ ኮሮና ገባ። ድንበሩ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ናርዶስን የምናመጣበት ሦስት ወር ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ዓመት ሆነ። ፖሾ ለችግረኛ ሲታደል አዳዮቹ የእኛን በር ዘለሉት፤ ማማ ናካቶ ከድርሻዋ ቆንጥራ ሰጠችን፣ ኪራዩን ግን አልረሳችም። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ደስተኛ ሰው ሜሮን ብቻ ነበረች። ማስክ መጣ። ሕግ ሆነ። ሁሉም ሰው አፉን ሸፈነ። ልጄ በግቢው ካሉት ልጆች ጋር ገመድ መዝለል ጀመረች፣ ሳቋም በማስኩ ሥር ይሰማኝ ጀመር። ዓለም በመቅሠፍት ሲያለቅስ እኔ ማስኩ እንዳይወልቅ ስጸልይ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በ2013 አጋማሽ ላይ አንዱ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ሲያማት በካንሳንጋ ዋና መንገድ ላይ ወዳለች ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድናት። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፣ የማትቸኩል። የሜሮንን አፍ ብዙ ጊዜ አየችና ስለ ጫትም ስለ ከረሜላም ሳትጠይቅ፦

"የምትጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነበር? ከጥልቅ የወጣ? ለብ ያለ?" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ፍሎራይድ ነው። እሳተ ገሞራ በነበረበት አገር ከመሬት ሥር ውሃው ውስጥ ይገባል። እኛም በምዕራብ በኩል እንዲህ ያሉ ሰፈሮች አሉን። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም፤ ለዚህ ነው ሰው የማይጠረጥረው።"

"እኛ እኮ አፍልተን ነው የምናጠጣት" አለች ወይንሸት።

"ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። ሲፈላ የሚተነው ውሃው ነው፣ እሱ እዚያው ይቀራል። እንዲያውም ይወፍራል።"

ወይንሸት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ለአሥር ዓመት በየቀኑ ስታፈላ፣ ደግማ ስታፈላ፣ ከጎረቤት ሴቶች ሁሉ እኔ ጠንቃቃ ነኝ ስትል የኖረች ሴት ናት። አላለቀሰችም። የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች ትዘጋለች፣ ትከፍታለች ትዘጋለች።

ዶክተሯ የተሸረፈውን ሞላችላት፤ ቀለሙን ለመሸፈን ግን ለእኛ የማይቻል ሥራ ይጠይቃል አለች። ቋሚ ጥርስ ልጅ እያለን ድድ ውስጥ እንደሚሠራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ የሚጠጣው ውሃ እንደሚያበላሸው አስረዳችን። ሲወጣ መጀመሪያ እንደ ጠመኔ የፈዘዘ ነጭ ይሆናል፣ ቡናማው ኋላ ነው የሚመጣው አለች። ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትም ውስጥ ይገባል አለች። ከዚያ ጠየቀች፦

"ሌላ ልጅ አላችሁ?"

የመለሰችው ሜሮን ናት። "እህት አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። እዚያ ናት።"

"የፊት ጥርሶቿ ላይ ምናልባት ዘግይታችኋል" አለች ዶክተሯ። "የጎንና የኋላዎቹ ግን ገና እየተሠሩ ነው። ዛሬ ውሃዋን ብትቀይሩላት ትርፍ ነው። የዝናብ ውሃም ቢሆን ይሻላል።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መጀመሪያ ልናመጣት ሞከርን። እኛ ስደተኛ ስለሆንን ተመልሰን መግባት አንችልም፤ እትዬ ናርዶስን ይዛ ፓስፖርት ልታወጣላት ሄደች፣ ከመስኮቱ ፊት ሆና ደወለችልኝና ስልኩን ለጸሐፊው ሰጠችው።

"ወላጅ በአካል ይቅረብ" አለኝ።

"ወላጇ እኔ ነኝ። ያለሁት ዑጋንዳ ነው።"

"እንግዲያው ከዑጋንዳ መጥተው በአካል ይቅረቡ።"

"ወንድሜ፣ እኔ መምጣት ብችል እሷ ፓስፖርት ለምን ያስፈልጋታል?"

ትንሽ አሰበና "እሱን በጽሑፍ ያመልክቱ" አለኝ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት አመልክቼ ያመጣሁትን እያያችሁ ነው። ደግሞም እትዬ ከመስኮቱ ስትመለስ ድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ነበረ። አልፈረድኩባትም፤ ናርዶስ እሷን እማዬ ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ስለዚህ ወደ ዝናቡ ዞርኩ። ከደሞዜ እየቆጠብኩ ልኬ፣ አብሮኝ ኮሚቴ የነበረው አቶ ለማ ሮቶ ገዛልኝ፣ ያንን ጥቁር የፕላስቲክ የውሃ ታንከር። ከእትዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ዘርግቶ ሮቶው ውስጥ አስገባው። ክረምቱ ሲገባ በስልክ ነገርኳት።

"እትዬ፣ ናርዶስ ከዛሬ ጀምሮ ከሮቶው ብቻ ትጠጣ። የቦኖው ውሃ ጥርሷን ያበላሸዋል።"

"ያ ያንተ ውሃ?"

"ያ የእኔ ውሃ።"

"አፍልቼ እሰጣት የለም እንዴ? ንጹሕ ነው እኮ።"

"ማፍላት ዋጋ የለውም እትዬ። ዶክተሯ ነግራናለች። ማፍላት ምንም አይጠቅምም።"

"እሺ" አለች። ይህን "እሺ" ይዤ አንድ ዓመት ከምናምን ኖርኩ። በደወልኩ ቁጥር የምጠይቀው አሸንዳው ተጠረገ ወይ፣ ሮቶው ሞላ ወይ ነበር። ሞልቷል ትለኛለች። ካምፓላ ውስጥ ዝናብ ሲጥል፣ እዚህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይጥላል፣ ከማማ ናካቶ ጣሪያ ወርዶ በቦዩ ወደ ቆሻሻው ሲፈስ እያየሁ እዚያም በጣለ እል ነበር። በሕይወቴ አንድ ያስተካከልኩት ነገር ያ ሮቶ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ጥር 2014 ላይ የካምፓላ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ተከፈቱ። ሜሮን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ማስክ ነበራቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ አወለቁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ ማስክ ያደረገች እሷ ብቻ ቀረች። መምህሯ አስጠርቶኝ "ኮሮና እኮ አለቀ፣ ለልጅህ ንገራት" አለኝ። ምሳዋን የምትበላው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ብቻዋን መሆኑንም የነገረኝ እሱ ነው። ቤት ስንገባ ማስኩን ታጥፈዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ሲደርቅ መልሳ ታደርገዋለች። ከእኛም ጋር ስትሆን ታደርገዋለች። ልጄ ስትስቅ አፏ ምን እንደሚመስል ከረሳሁ ቆየሁ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፣ ስሸሽ ነው የቆየሁት። ጥቅምት 2015፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እዚህ ዝናብ ይጥላል፤ አገር ቤት ክረምቱ ወጥቷል። እትዬ በአቶ ለማ ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ናርዶስ ስድስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ያብረቀርቃል፣ ሐር ነው የሚመስለው።

"ጌቾ፣ ጉድ ላሳይህ" አለች እትዬ። "ናሩ፣ አፍሽን ክፈቺ!"

ናርዶስ ከፈተች። ሁለት አዲስ የፊት ጥርሶች ከላይ ወጥተዋል።

"አየህልኝ? ነጭ! እንደ ጠመኔ ነጭ! ውሃ ውሃ ስትል ያስጨነቅከን በከንቱ ነው። ቡናማ የሚባል አለ?"

ወይንሸት ከጀርባዬ ቆማ ነበር። ዶክተሯ ያለችው ያንኑ ቃል ነው፣ ጠመኔ። ግን የፊቶቹ እንደዘገዩ ተነግሮናል፣ ይህን እንጠብቅ ነበር፤ የኋላዎቹን አተርፈናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

"ፀጉሯ ደግሞ አምሮባታል" አልኩ፣ ድምፄ እንዳይታወቅብኝ።

ናርዶስ ቀደመቻት። "እማዬ በዝናቡ ውሃ ታጥበኛለች! ሮቶው እኮ የፀጉሬ ነው። የእንቁጣጣሽ ቀን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፣ አለቀ።"

"የምትጠጪውስ?" አልኳት። "ከየት ነው የምትጠጪው?"

"ከቦኖ ነዋ።"

እትዬ ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች።

"ተቅማጥ ያዛት" አለች። "ካቻምና ክረምት፣ ሮቶው በተተከለ በሁለተኛው ሳምንት። ማፍላት አይጠቅምም ስላልከኝ ሳላፈላ ሰጠኋት። ጣሪያው ላይ ርግብ አለ፣ አቧራ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ወረደባት፣ ዓይኗ ገባ። እኔ ደግሞ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ ጌቾ። ሁለቱን በእጄ ነው የገነዝኳቸው። ሦስተኛ አልገንዝም ብዬ ወደ ቦኖው መለስኳት። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ውሃው እንዳይባክን ደግሞ ፀጉሯን አጠብኩበት፣ ስትመጡ አምራ እንድታዩዋት።"

ማፍላት የማይጠቅመው ለቦኖው ውሃ ነበር። የዝናቡ ግን መፈላት ነበረበት። ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነገርኳትም፤ ማፍላት አይጠቅምም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፣ አሸንዳ ተጠረገ ወይ ስል ከረምኩ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ የምቆጣበት ሰው አጣሁ።

"እትዬ..." አልኩ።

"አጠፋሁ እንዴ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ጠነከረ። "አንተ አይደለህም ወይ ከእንግዲህ ልጆቻችን አይሞቱም ብለህ ሪባን የቆረጥክ? እኔ አንተን አምኜ ነው።"

ይህን ስትል ሜሮን ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ወይንሸት ልትከለክላት እጇን ዘረጋች፣ ግን ተወችው። ሜሮን መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ብርሃን ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ማስኩን በአንድ ጣቷ ወደ አገጯ ሳበችና ለእህቷ ፈገግ አለችላት፤ ሙሉ ጥርሷን፣ ቡናማውን፣ የተሞላውን፣ ሁሉንም። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ የልጄን ሳቅ ያየሁት ከጎን ሆኜ ነው።

"ናሩ፣ እይኝ" አለች። "አያምም። ምንም አትሆኚም እሺ? እኔም እንዲህ ነኝ።"

ናርዶስ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ በእልልታ ጮኸች። "እማዬ! እማዬ ነይ እይ! የኔም እንደ ሜሪ ሊሆን ነው! እንደ እህቴ ሊሆንልኝ ነው!" እያለች ትዘል ጀመር፤ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ካምፓላ ያለች እህት ያላት እሷ ብቻ ናት፣ ከዚያች እህት አንድ ነገር በማግኘቷ የምትይዘውን አጣች። ሜሮን ፈገግታዋን ሳታጠፋ ስልኩን መለሰችልኝ፣ ማስኩን ወደ ላይ ሳበችና ወደ ደጅ ወጣች።

ናርዶስ ስትዘል ቆይታ አለከለከች። "ጠማኝ" አለች።

እትዬ ጣሳውን አነሳች፣ ስንወጣ የነበረውን ያንኑ ጣሳ። ከእንስራው ቀድታ ይዛ ቆመች፣ ወደ ልጅቷም አልዘረጋችው፣ አልመለሰችውም። ወደ ስልኩ አየች፣ ወደ እኔ። ሮቶው ባዶ ነው፣ ዝናቡ አልፏል፣ ወንዙ ያው ከከብት ጋር ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ውሃ የለም።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ።

ናርዶስ ጣሳውን በሁለት እጇ ልትይዝ ተንጠራራች።

"ስጫት" አልኩ። ምን ልበል? ልጅቷ ጠምቷታል። እትዬ ሰጠቻት፣ ናርዶስም እስከ መጨረሻው ጠጣችው።